ከቴርሞስታቱ በፊት ጣሪያው

ሰቆጣ ላይ ከበጋና ከክረምት ይልቅ የሚራራቁት ቀንና ሌሊት ናቸው። የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ጀምበር ከጠለቀች ብዙም ሳይቆይ ያው ሰው ጋቢውን ደርቦ ደጃፉን ይዘጋል። ሊነጋጋ ሲል የአየሩ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ሙቀቱም ብርዱም የሚፈራረቁት በዚያው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። በዚህ አገር ስለ ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲወራ ይህ ጉዳይ ከተዘለለ የቀረው ወሬ ከሌላ አየር ንብረት የተቀዳ ይሆናል።

ወሬው ደግሞ እየመጣ ነው። በአዲስ አበባ አዳዲስ አፓርታማዎችና ሆቴሎች ግድግዳው ላይ የምትለጠፈው ትንሿ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቷ፣ ብርቅ መሆኗ ቀርቷል። ከአሜሪካና ከካናዳ ተመልሰው አገር ቤት የሚሠሩ ሰዎች ለመሐንዲሱ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዷ እሷ ናት፤ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በእሷ ሲሞቁ ስለኖሩ ይህ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ቴርሞስታት የሚያዝዘው ማሽን ይፈልጋል። ማሽኑም የሚያሞቀውን አየር ይዞ የሚያቆይ ቤት ይፈልጋል። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባለፉት ዓመታት የተሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት አይደሉም። ችግሩ ያለው ከላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያዋ ምን እንደምትሠራ እንይ። በ1875 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1883) አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ግዛት ዋይትዋተር በምትባል ከተማ የሚያስተምሩ ዋረን ጆንሰን የሚባሉ መምህር የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኙ። ከዚያ በፊት የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ ሙቀቱን ይለካና ምድር ቤት ወርዶ እሳቱን ይጨምር ወይም ይቀንስ ነበር። ጆንሰን ያስቀሩት በየሰዓቱ ክፍል እየገቡ ትምህርት ማቋረጥን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፦ በሙቀት በተለያየ መጠን የሚለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ሲሞቁ ይጣመማሉ፣ ሲጣመሙ መስመሩን ይዘጋሉ ወይም ይከፍታሉ። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ ያወጣው ክቡ ቴርሞስታት፣ ዛሬ በስልክ የሚታዘዘውም ጭምር፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ክፍሉ ከተፈለገው ዲግሪ በታች ነው ወይስ በላይ? በታች ከሆነ ማሞቂያው ይነሳል፣ በላይ ከሆነ ይቆማል። ሌላ ነገር አያውቅም።

ይህን ባለመረዳት የሚባክነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ዊሌት ኬምፕተን የተባሉ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ብዙ ሰዎች ቴርሞስታትን እንደ ውኃ ቧንቧ እንደሚያስቡት አሳይተዋል፤ ብዙ ባዞሩት መጠን ብዙ ሙቀት የሚፈስ ይመስላቸዋል። ከውጭ በበረዶ ገብቶ ቁጥሩን 30 ላይ የሚሰቅል ሰው ቤቱ በቶሎ እንዲሞቅ ፈልጎ ነው፤ ማሞቂያው ግን 20 ላይ ቢደረግም 30 ላይ ቢደረግም የሚሠራው በዚያው አቅሙ ነው። ልዩነቱ ሳይቆም መቀጠሉ ብቻ ነው። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት ያስመጡ ልጆች ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቁታል። እናት ብርድ ሲይዛቸው ቁጥሩን ወደ ላይ፣ ልጅ የጋዝ ሒሳቡን አይቶ ወደ ታች። በሆቴል ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣውን በሪሞት 16 ላይ አድርጎ ከዚያ በብርድ ልብስ የሚተኛ ሰውም በዚያው ስሕተት ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። የድሮው የዋግና የላስታ ቤት ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት አለው። ክዳኑ ሣር ነው፤ ወደ ትግራይ በኩል ደግሞ ህድሞ የሚባለው ቤት እንጨት ተረብርቦ ወፍራም አፈር ይጫንበታል። እንዲህ ባለ ግድግዳ ውስጥ ሙቀት የሚጓዘው በዝግታ ነው። እኩለ ቀን ላይ ውጫዊውን ድንጋይ የመታው ፀሐይ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ግማሽ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ሲደርስም ኃይሉ በእጅጉ ለዝቧል። ስለዚህ የቀኑ ትኩሳት ውስጥ የሚሰማው ሌሊት፣ የሌሊቱም ብርድ የሚሰማው ቀን ነው። ልዩነቱ በየቀኑ በሚፈራረቅበት አገር ከዚህ የተሻለ የሙቀት ማስተካከያ ማሰብ ይከብዳል። ዐለቱን ፈልፍለው የተሠሩት እንደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በፀሐይ መካከል የገባ ሰው የሚቀበለው ቅዝቃዜም ከዚሁ የተነሳ ነው።

በላስታው ባለ ፎቅ ክብ ቤት ከብቱ ምድር ቤት ያድራል፣ ሰው ፎቅ ላይ ይተኛል። ይህ ከሌባና ከጅብ መጠበቂያ ብቻ አልነበረም። አንድ ላም ሌሊቱን ሙሉ ብዙ መቶ ዋት ሙቀት ትሰጣለች። የተኛ ሰው ራሱ 80 ዋት ገደማ ያወጣል፤ አምስት ሰው የተኛበት ክፍል ማለት 400 ዋት ማሞቂያ የተሰካበት ክፍል ነው። ቤቱ ያን ሙቀት እንዲይዝ ከተሠራ መብራት ኃይል ሳይጠራ ያድራል።

ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በሙቀት ረገድ ከሌለ ጣሪያ ብዙ አይሻልም። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲመታው ወዲያው ይግልና ታች የተቀመጠውን ሰው ከአናቱ ይለበልበዋል። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይተፋና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፤ በተለይ ሲያረጅና ሲዝግ። ንጋት ላይ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፦ ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰው እርጥበት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይሆናል፣ በሞገዱ ጎድጓዳ እየተንሸራተተ ሚስማሩ ጫፍ ላይ ይከማቻል፣ ከዚያ በአልጋው ላይ ጠብ ይላል። ዝናብ ሳይዘንብ አልጋ ይረጥባል። በክረምት ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮ ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ትምህርቱ ይቆማል።

ሰው ግን ወደ ቆርቆሮ የሄደው ሳያስብ አይደለም፣ የድሮውን ቤት እያሞገሱ ገበሬውን መውቀስም ተገቢ አይመስለኝም። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ በተራቆተው በዋግ ምድር ረጅም ሣርና ጠንካራ እንጨት ማግኘት ራሱ ፈተና ሆኗል። የአፈር ክዳን ያፈስሳል። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ጢሱ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባና ዓይን ሲበላ ኖሯል። ቆርቆሮ አያፈስም፣ እሳት አይነሳበትም፣ በአሸንዳ የዝናብ ውኃ ይሰበስባል፤ ለድርቅ ቅርብ በሆነ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ያገኘው ብዙ ነው። ያጣው ግን ከላይ የነበረውን ወፍራም ነገር ነው፣ እሱም ሳይተካ ቀረ።

የጎደለውን የሚሞላው ከሰል ሆኗል። ቤቱ ሌሊት ስለማይሞቅ ቤተሰቡ ምድጃውን ወደ መኝታ ያስገባል፣ ብርዱ እንዳይገባ በርና መስኮት ይዘጋል። የሚነድ ከሰል በታፈነ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከደጋው አካባቢ የሚሰማው የሞት ዜና ከዚህ የተነሳ ነው። ኮርኒስ ያለው ቤት ይህን ፈተና በእጅጉ ይቀንሳል። በሕፃናት ላይ ያለው ጫና ደግሞ ብዙ አይነገርም። ሕፃን ከትልቅ ሰው በፈጠነ ሁኔታ ሙቀቱን ያጣል፣ ሰውነቱን ለማሞቅ የበላውን ያቃጥላል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናት መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው በዚችው ከተማ ስም ነው። ምግብ፣ ውኃና ጤና በዕቅዱ ውስጥ ተገቢ ቦታቸውን ይዘዋል። የሕፃኑ መኝታ ሙቀትም ከእነዚህ ጎን ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ መብራት ሲኖር ማሞቂያ ለምን አይገዛም? አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2,000 ዋት ይበላል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢነድ የሚያሞቀው ሰማዩን ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየጊዜው እየጨመረ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ተወስኗል፤ ሒሳቡ ከዚህ በኋላ ከበፊቱ የተለየ ነው። ጥሩ ቴርሞስታት ብክነቱን ይቀንሳል፣ አይካድም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ሰዎች በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ቁጥሩን ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ፣ በማቀዝቀዣ ጊዜ ደግሞ ከፍ ቢያደርጉ ከዓመታዊ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪያቸው እስከ 10 በመቶ ማትረፍ እንደሚችሉ ይመክራል። ይህ ምክር ግን የሚሠራው ማሞቂያው የተፈለገው ዲግሪ ላይ በሚያደርሰው ቤት ነው። ባልታሸገ ቤት ውስጥ ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን የሚያቆምበት ምክንያት አያገኝም፤ የተፈለገው ዲግሪ ላይ ስለማይደርስ ሳያቋርጥ ያነዳል።

መብራቱ ራሱ የሚተማመኑበት አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ ሰቆጣ ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ኖራለች። በዚያን ጊዜ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሞቅ ቤት የነበረው ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። የድንጋይ ግድግዳና የታሸገ ጣሪያ ግን መስመር ሲበጠስም ይሠራል።

ይህን ስል ቴርሞስታት ለሰቆጣ አያስፈልጋትም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከተማዋ ውስጥ ብዙ ቴርሞስታቶች አሉ፤ ሰው ስም አይሰጣቸውም እንጂ። በእንግዳ ማረፊያዎች ቦይለር ውስጥ አንድ አለ፦ በታንኩ ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ የተሰካ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ በካቻቢቴ የሚዞር ቁጥር ያለው። ውኃው የተፈለገው ዲግሪ ላይ ሲደርስ መስመሩን የሚቆርጠው እሱ ነው። ሲበላሽ መለዋወጫው በቅርብ ስለማይገኝ አንዳንድ ጠጋኝ ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ ያገናኛቸዋል፤ እኔም በአንድ ማረፊያ እንዲህ ተደርጎ አይቻለሁ። ይህ ከባድ አደጋ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ቦይለር የግፊት መልቀቂያው ከዛገ ፈንጂ ይሆናል። ባለቤቱ ጥቂት ብር ያተረፈ ይመስለዋል፣ በእንግዳው ሕይወት ግን ይጫወታል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። 3,500 ዋት ገደማ የሚበላው ይህ ዕቃ በብዙ ቤት ቴርሞስታት የለውም፤ ቴርሞስታቱ ጋጋሪዋ ናት። በማሰሻው ስታስሰው የሚወጣውን ድምፅና ጢስ ታያለች፣ የእንጀራው ዓይን አወጣጥ ሙቀቱን ይነግራታል፣ ሸክላው ሙቀት እንደሚያምቅ ስለምታውቅ የመጨረሻዎቹን ጥቂት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላ ትጋግራለች። የጥሩ ቴርሞስታት ሠሪዎች ብዙ የደከሙበት ይኸው ነው፦ ዲግሪው ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ የቀረውን በታመቀው ሙቀት ማድረስ። የድንጋዩ ቤት ነዋሪም በዚህ መንገድ ነበር የሚያስበው፤ መስኮቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ለአሁን ሳይሆን ከስድስት ሰዓት በኋላ ለሚመጣው ነበር።

ቴርሞስታት የሞት የሽረት ጉዳይ የሆነበት ቦታ ጤና ተቋም ነው። አብዛኛው የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ አለበት። ሰዎች የሚፈሩት መሞቁን ነው፤ ሆኖም የቲታነስ፣ የሄፓታይተስ ቢና አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት በረዶ ሲነካቸው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ፣ በዓይን ግን አይታወቅም። ድሮ በነጭ ጋዝ የሚሠሩ ፍሪጆች ላይ ጤና ባለሙያው የእሳቱን ነበልባል በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ነበር ይህን የሚጠብቀው፤ በደጋው የሌሊት ብርድ ደግሞ ወደ በረዶ መውረድ ቀላል ነበር። በኋላ የገቡት በቀጥታ በፀሐይ የሚሠሩት ፍሪጆች ባትሪ አያስፈልጋቸውም፤ ቀን በረዶ ያጠራቅማሉ፣ ሌሊት ያን በረዶ በጥንቃቄ ያካፍላሉ። አሠራራቸው ከግማሽ ሜትሩ የድንጋይ ግድግዳ ጋር በመርሕ አንድ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ሰቆጣ በሚገኘው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በየወረዳው ጤና ጣቢያዎች፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚሞቅበት መሣሪያ፣ የደምና የላቦራቶሪ ማስቀመጫ ሁሉ በትክክለኛ ቴርሞስታት ይኖራሉ። ለሙቀት መቆጣጠሪያ ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት እዚህ ነው፤ መለዋወጫውንና የሚጠግነውን ባለሙያ ጨምሮ።

ቆላው ደግሞ ሌላ ነው። ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሳህላ የሚወርድ ሰው እስከ ተከዜ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። እዚያ ሌሊቱም አይበርድም። ሌሊት በማይበርድበት አገር ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ትኩሳት አምቆ ለመኝታ ሰዓት ያቀብላል፤ ስለዚህ ሰው ውጭ ይተኛል፣ ትክክልም ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ሰፊ ጥላ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ቤትና ከጊዜ ብዛት ደግሞ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከውኃው አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ የጤና ጣቢያውን የወሊድ ክፍል በቴርሞስታት የሚቀዘቅዝ ለማድረግ ቢጠይቅ ቅንጦት የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ማቀዝቀዣው 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ተደርጎ በሩ ከተዘጋ ለእናቲቱም ለሕፃኑም ይበቃል።

ለደጋው የምመክረው ግን ቀላልና ርካሽ ነው። ቆርቆሮው ይቆይ። ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ ኮርኒስ ይሠራ፤ ከአቡጀዲና ከማዳበሪያ ከረጢት የተሻለው፣ በማገር ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የተለቀለቀ ኮርኒስ ነው። ጭድም ጭቃም በዋግ አለ፣ የሚያቦካውም ሰው አለ። ክብደቱን የሚሸከም ወራጅ መሆኑን አናጢው አስቀድሞ ይመልከት። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ መቀባት የቀኑን ግለት ይቀንሳል። መስኮት ሲወጣ ወደ ደቡብ ቢዞር ሌላ ትርፍ አለው፦ ሰቆጣ ላይ በታኅሣሥ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ በ54 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ትሆናለች፣ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ታሞቃለች፤ በሰኔ ግን ከአናት አልፋ በሰሜን በኩል ስለምትሄድ አትገባም። አንድ መስኮት በብርዱ ጊዜ ብቻ ፀሐይ ያስገባል ማለት ነው፣ ያለ ምንም ማሽን። ግድግዳው ብሎኬት ሳይሆን ድንጋይ ቢሆን ደግሞ ያ የገባው ሙቀት ለሌሊት ይቀመጣል፤ ጥርብ ድንጋይ በዚያ አካባቢ ከሲሚንቶ ይልቅ ቅርብ ነው።

ይህ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ እንዳይሆን የሚያደርጉት ከጦርነቱ በኋላ የሚታደሱትና የሚሠሩት የመንግሥት ቤቶች ናቸው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በቆርቆሮ ተከድኖ ያለ ኮርኒስ «ተጠናቋል» ተብሎ መረከብ የለበትም። ኮርኒሱ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር በዋጋ ይግባ፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሳያየው ክፍያ አይፈርም። ቆርቆሮው ከመጠን በላይ የሚግልበት ወይም የሚያንጠባጥብበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚማረው ልጅ ማመልከቻ አይጽፍም፤ የዞኑና የወረዳዎቹ ባለሙያዎች ናቸው ይህን በመጪው የበጀት ዓመት ዲዛይን ላይ ማስገባት ያለባቸው።